ሁለቱ የወተት ጣሳዎች

ናዝሬት፣
ቦርሳሽን ሳታስቀምጪ ይህን አንብቢ።

ለቃርሽ የምትጠጪውን ቢካርቦኔት ከመደርደሪያው እንዳትፈልጊው። ትናንት ሳሙና የምሠራበት የኮስቲክ ሶዳ ከረጢት ተቀደደብኝና የተረፈውን ባዶ የወተት ጣሳ ውስጥ ገለበጥኩት። ያንቺም ቢካርቦኔት ያለው እንደዚያው ባለ ጣሳ ነው። ዛሬ ጠዋት ልለያቸው ብሞክር ሁለቱም ነጭ ዱቄት ሆኑብኝ። ቀምሼ እንዳልለይ፣ ኮስቲኩ ጉሮሮ ይልጣል።

ሁለቱንም ሳጥኔ ውስጥ ቆልፌባቸዋለሁ። ከፋርማሲ አዲስ ቢካርቦኔት ገዝቼልሻለሁ፤ በወረቀት ተጠቅልሎ ጨው አጠገብ አለ።

የጨነቀኝ ሌላ ነው። ትናንት ከጣሳው ቆንጥረሽ ወደ መኝታሽ ወስደሽ እንደሆነ አላውቅም። ወስደሽ ከሆነ እንዳትቀምሺው፣ በእርጥብ እጅም እንዳትነኪው። ሦስቴ ደወልኩልሽ፣ ስልክሽ ዝግ ነው። እያስተማርሽ ይሆናል።

ባለፈው «ጣሳ ሁሉ ላይ የያዘውን ጻፊበት» ስትዪኝ «እኔ ተማሪሽ አይደለሁም» ብዬ መለስኩልሽ። ይኸው ከዚያ ወዲህ አራት ቀን በአንድ ጣራ ሥር ዝም ተባብለናል። አንቺም ብትሆኚ በር እየወረወርሽ መዝጋቱን ማን እንዳስተማረሽ እንጃ።
ለማንኛውም ዛሬ ሁለቱም ጣሳ ላይ ጽፌበታለሁ፦ «ምን እንደሆነ አይታወቅም»። እንግዲህ አርሚው፣ መምህር።

እህቴ ብሶባታል ስላሉኝ ወደ እምድብር እየሄድኩ ነው፤ መኪናው ሳይሞላ ልድረስበት።

ይህን እንዳነበብሽ ደውዪልኝ። አሁንም አኩርፈሽ ከሆነ ሚስኮል ብቻ አድርጊ፣ አላነሳውም። እስኪጠራ ድረስ ግን ስልኩን ከእጄ አላስቀምጥም።

እቴነሽ