ወፍ ያልነካው ቀይ ማሽላ

ኤል ናንሴ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 1994

ለውድ ባለቤቴ ለሌዎንሲዮ፣

ለጤናህ እንዴት ነህ? እዚያ ሰሜን፣ ሙዝ እርሻው ውስጥ ዝናቡ አያባራም ይላሉና ልብስህን የት እንደምታደርቅ ሳስብ ነው የምውለው። እኔ ደህና ነኝ። ተቆጥቼህ ነበር፣ አሁንም ጨርሶ አልበረደልኝም፤ ግን ናፍቀኸኛል። ሁለቱም እውነት ስለሆነ ሁለቱንም ጻፍኩልህ።

ወደ አሳማው ልምጣ። «ማሽላው እያለቀ አሳማው የሚከሳ ከሆነ እህሉን እናትሽ ናት የምትወስደው» ብለህ በጎረቤት ፊት ጮኸህ ሄድክ። ብምልልህም አላመንከኝም። ነገሩ እንደሚያጠራጥር አላጣሁትም፤ ጎተራው ይጎድላል፣ ገንዳው ባዶ ይሆናል፣ የአሳማው አጥንት ግን ይቆጠራል። እኔም ቡዳ በልቶት ነው ብዬ አንገቱ ላይ ቀይ ክር አሰርኩለት። ክሩንም በላው።

ከሁለት ወር በፊት የገበሬ ማኅበሩ የእንስሳት ሐኪም ዶን አቢሊዮ ወደ ጎረቤታችን ወደ ቾና ቤት መጣ። እሷም ካንተ የማሽላ ዘር ወስዳ ዘርታ ነበር፤ ዶሮዎቿ እንቁላል መጣል አቁመውባታል። የእኛንም አሳማ እንዲያይልኝ ለመንኩት። አሳማውን ትቶ ከገንዳው ማሽላ ቆንጥሮ አላመጠና ተፋው።

«ይህን የዘራው ማነው?»

«ባሌ ነው፤ ወፍ አይነካውም ብሎ።»

«ወፎቹማ ብልጦች ናቸው። ልጣጩ ላይ ታኒን የሚባል ነገር አለ። ያልበሰለ ሙዝ ስትነክሺ ምላስሽን ጭምድድ የሚያደርገው እሱ ነው። ምግቡን ሆድ ውስጥ ጠፍሮ ይይዘዋል፤ አሳማሽ ይበላል እንጂ አይጠቀምም። ላም አራት ሆድ ስላላት ትችለው ይሆናል፣ አሳማና ዶሮ ግን አንድ ሆድ ነው ያላቸው።»

«እኛ እኮ እንበላዋለን፣ ምንም አልሆንንም» አልኩት።

«እንዴት አድርገሽ?»

«በኖራ ውሃ ዘፍዝፌ አሳድረውና ልጣጩ እስኪለቅ አሽቼ...» ስል ዓይኔ ወደ ገንዳው ሄደ። እሱም ሳቀ። ለእኛ ቂጣ፣ ለቶርቲያው፣ አንድ ቀን እንኳ የማልዘለውን ሥራ ለአሳማው ነፍጌ ጥሬውን ስሰጠው ከርሜያለሁ። ለአሳማ ኖራ የሚያባክን ማን አለ? የአምናው አሳማ ጥሬውን በልቶ ሰብቶ የለም ወይ? የዚያን ጊዜው ማሽላ ግን ነጭ ነበር። እሱን ወፍ ስለጨረሰብን ነው ዘንድሮ ቀዩን ያመጣኸው።

ሌባው ይኸው ነው፣ ሌዎንሲዮ።

አሁን በየቀኑ እዘፈዝፍለታለሁ፣ አጥቤ እሰጠዋለሁ፣ ትንሽ አተርም እጨምርለታለሁ። ቾና በአጥር ላይ ብቅ ትልና «ኤርሜሊንዳ፣ ለጌታው ቶርቲያው ደረሰ? የጠረጴዛ ልብስም አንጥፊለት እንጂ» ትለኛለች። «ምን ላድርግ፣ ኩርፊያ የማያውቅ ወንድ እሱ ብቻ ነው» አልኳት። በሳቅ ፈረሰች። እሷም በድብቅ ለዶሮዎቿ መዘፍዘፍ ጀምራለች፤ ኖራ የነካ እጇን አይቼባታለሁ።

አሳማው ብታየው አታውቀውም። ሲራመድ ሆዱ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። ሥጋ ሻጩ ለገና ካልሸጥሽልኝ ብሎ ሁለት ጊዜ ተመላለሰ። ባለቤቱ ሲመጣ ይወስናል ብዬ መለስኩት።

አንድ ነገር ግን እወቅ። ኖራው የሚቃጠለው ከወንዙ ማዶ ነው፤ እኔ እህል ሳጥብና ሳሽ ስለምውል ተሸክማ የምታመጣልኝ እናቴ ናት። የተናገርከውን ሰምታለች፤ ያልሰማ ሰው የለም። እስካሁን ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል አልወጣትም። ያንተን አሳማ የምታሰባልህ እሷው ናት።

ስለዚህ ለገና ከመጣህ ወደ ቤት ከመግባትህ በፊት በእሷ በር እለፍ። እኔን ይቅርታ አትጠይቀኝ፤ አንተን ማየት ይበቃኛል። እሷን ግን ጠይቃት። ይህ የሚከብድህ ከሆነ እዚያው ቅር፤ አሳማውን ሸጬ ድርሻህን እልክልሃለሁ። ይህን ጽፌ ደግሜ አነበብኩት፣ ግን አልሰርዘውም።

አሁን እናቴ የኖራውን ከረጢት አውርዳ በሩ ላይ ቆማለች።

«ለእሱ ነው የምትጽፊው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ሲሄድ ጫማው ቀዳዳ ነበር። እዚያ ደግሞ ሁልጊዜ ዝናብ ነው። አሠርቶት እንደሆነ ጠይቂልኝ» አለችኝ።

ይኸው ጠየቅኩህ። የሱያፓዋ እመቤታችን ማርያም ከክፉ ሁሉ ትጠብቅህ፣ መንገድህንም ወደዚህ ታቅናልህ።

ሚስትህ ኤርሜሊንዳ