አንድ ደን ወይስ ሁለት

ታኅሣሥ 6፣ ጠዋት
ሞላሌ። ውርጭ ነው። አከራዬ እትዬ ዘነበች የሱፍ ባና አውሰውኛል፤ ተከናንቤ ድንጋይ ውስጥ ታትሞ የቀረ የጥንት ቅጠል እቆጥራለሁ። ድንጋዩ ሲፈለጥ ቅጠሉ ከነጅማቱ ብቅ ይላል። ሰፊው ለብቻ፣ ጠባቡ ለብቻ። ደስ የሚል ሥራ! እትዬ ዘነበች ይስቁብኛል፦ «ልጄ፣ የማይቀቀል ጎመን ምን ያደርግልሻል?»

ታኅሣሥ 9
መብራት መጣ። የእኔንና የታደሰን ቆጠራ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባሁ። ታደሰን ታውቂዋለሽ፣ ማስታወሻዬ፤ የክፍል ጓደኛዬ፣ ዓለም ከተማ በኩል የሚቆፍረው። ድንጋያችን የአንድ ዘመን ነው። የሁለታችን ቅጠሎች የመመሳሰል ልክ ከዜሮ እስከ አንድ ነው፤ አንድ ከሆነ ፍጹም ተመሳሳይ። የወጣው ዜሮን ሊነካ ምንም አልቀረው። ሁለት የተለያየ ጥንታዊ ደን! ለአማካሪያችን ለዶ/ሩ ደወልኩ። የመመረቂያ ርእስሽ ተገኘ አሉኝ።

ታኅሣሥ 12፣ ከሰዓት
ቤ/ክ ቅጥር፣ ወይራ ሥር ተቀምጫለሁ። ከላይ ፀሐይ የሚመታው ቅጠል ጠባብ፣ ወፍራም። ከውስጥ ጥላ ያደገው ሰፊ፣ ስስ። ዛፉ ግን አንድ! የእኔ «ሰፊው» እና «ጠባቡ» የአንድ ዛፍ ቢሆኑስ? ታደሰ እንዴት ይሆን የቆጠረው?

ታኅሣሥ 13
ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ወጣሁ። ታደሰ ሁለቱን አንድ አድርጎ ነው የቆጠረው። «ጅማታቸው አንድ ነው እኮ፣ አላየሽም?» አለኝ። ተናድጄ ዘጋሁበት። ቤት ገብቼ በማጉያ መነጽር አየሁ። እውነቱን ነው።

ታኅሣሥ 14
ሁለቱን አዋሕጄ እንደገና አሰላሁ። ልኩ ወደ አንድ ተጠጋ። አሁን ደግሞ ይሄንንም አላምነውም፤ ሁለት ዓይነት ብቻ ሲዋሐድ እንዲህ ከተለወጠ፣ ሌሎቹስ? ለዶ/ሩ ነገርኳቸው። ርእሱ ሄደ ብዬ ስጠብቅ፣ «እንደገና ለመቁጠር ምን ያህል ጊዜ ያስፈልግሻል?» አሉ። ተነፈስኩ። ማታ እንቅልፍ ጥሩ።

ታኅሣሥ 16፣ ማለዳ
ድንጋዮቹን በጭድ ጠቀለልኩ። እትዬ ዘነበች እንቁላል ነው እንዴ እያሉ ገመዱን አጠበቁልኝ፤ በሶም ቋጠሩልኝ። ወደ ዓለም ከተማ መንገዱ ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ ይሁን። ወስኛለሁ፦ ከታደሰ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ቅጠል በቅጠል ሳንስማማ ማናችንም ቁጥር አንነካም። ትላንት ደውዬ ይቅርታ አልኩት። ሳቀ። መናኸሪያ እጠብቅሻለሁ አለ። አንድ ደን ቢወጣ የጋራ ጽሑፍ እንጽፋለን፤ ሁለት ቢወጣም እንደዚያው።

አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፋ።