ግብር ከፍዬ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ

ደብረ ማርቆስ፣ ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22

የልብስ ስፌት ቤቴን የዓመት ግብር ዛሬ ከፈልኩ። ከጠዋት ጀምሬ ተሰልፌ ወረፋው የደረሰኝ ከምሳ በኋላ ነው። ዝም ማለት አልሆነልኝምና መስኮቱ ላይ ያለችውን ልጅ «ለመሆኑ በዚህ ገንዘብ ምን ይሠራበታል?» አልኳት። ቀና እንኳ ሳትል «መንገድ» አለችኝና ደረሰኙን ሰጠችኝ።

መንገድ! ባጃጁ እንደ ወትሮው ሰፈራችን መግቢያ ላይ አራገፈኝ፤ ከዚያ ወዲያ ጭቃው ይይዘዋል። ጫማዬን በአንድ እጄ፣ ደረሰኙን በሌላው ይዤ በባዶ እግሬ ገባሁ። «ኮብልስቶን ይነጠፋል» ተብሎ ከተሰበሰብን ስንት ክረምት አለፈ!

አባባ በረንዳው ላይ ዳዊታቸውን ይደግማሉ። እግሬን አይተው «የት ውለሽ ነው?» አሉኝ።

«ግብር ስከፍል።»

ሳቁ። እኔ መሳቅ አላሰኘኝም። በልጅነታቸው ግብር የሚሰበስበው የመንደሩ ሹም «ጭቃ ሹም» ይባል እንደነበር ነገሩኝ።

«ዛሬማ የለም አይደል?» አልኳቸው፣ እግሬን በንዴት እየታጠብኩ።

«ሹሙማ ተሽሯል ልጄ፤ ጭቃው ነው እንጂ ያልተሻረው።»

ደረሰኙን ስፌት ቤቱ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ነበር። ጭቃ ነክቶታል። እንዲያው ከነጭቃው ልስቀለው ይሆን?