ወይናችንን ከእምብርቱ ላደረቀው የክርከማ ሥልጠና የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የእፅዋት ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል እያልኩ፣ በእጅዎ ያለው የእፅዋት ጤና እንዳልሆነ ሆኖ ቢቀርም የእርስዎ ግን እንዲበዛልዎ እመኛለሁ። እኔ ከታላቅ እኅቴ ጋር ወይን ሳለማ የኖርኩ፣ ዘንድሮ ግን የደረቀ ግንድ ስነቅል የከረምኩ ሰው ነኝ። ለዋላችሁልን ውለታ በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ነውር ስለሚሆንብኝ በቁጥር አቀርበዋለሁ።

፩. የዛሬ ሦስት ዓመት ክርከማ እንዲያስተምሩን የላኩልን፣ እኛም ነጭ ጓንታቸውን አይተን "ባለ ጓንቱ" ያልናቸው ባለሙያ የመጡት ዝናብ እያካፋ ነበር። እርጥብ ቁስል በሽታ ይጋብዛልና ቀኑ ይዛወር ብትላቸው እኅቴ፣ ቀኑ በደብዳቤ የተቆረጠ ነው ብለው ጀመሩ። ለደብዳቤ ያላቸውን ታማኝነት አደንቃለሁ።

፪. እኅቴ ሠላሳ ዓመት ስትከረክም ከአንዱ ግንድ ወደ ሌላው የምትሻገረው መቀሷን ጣሳ ውስጥ በያዘችው አልኮል ነክራ ነው። ባለ ጓንቱ ይህን በሰልጣኞች ሁሉ ፊት ኋላ ቀር ልማድ ብለው ጣሳዋን ደፉባትና፣ የታመመውን በቆረጡበት መቀስ ጤነኛውን አስከተሉ። የእርሳቸው እጅ ግን በጓንቱ ምክንያት በሰላም ተመልሷል፤ እንኳን ደስ ያላቸው።

፫. በዓመቱ ቅጠሉ ዳር ዳሩን ይነድ ጀመር፤ ግንዱን በመጋዝ ብንቆርጠው እምብርቱ ጠቁሮ አገኘነው። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ብለን ቁራጩን ወደ ቢሮዎ ብናመጣም ጆሮ ዳባ ልበስ አላችሁን። በሰባተኛው ምልልሳችን ቁራጩ የቢሮዎን በር ደግፎ ይዞ አገኘነው። ለአንድ ነገር እንኳ በመጥቀሙ ተጽናናን።

፬. ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አጣሪ ኮሚቴ የላካችሁት የመጨረሻውን ረድፍ በነቀልን ማግስት ነው። ኮሚቴው ባዶውን መሬት ዞሮ "በማሳው የታመመ ወይን አልተገኘም" ሲል ጽፏል። ከዚህ የበለጠ እውነት ከጽሕፈት ቤትዎ ወጥቶ አያውቅም።

እኅቴ ዛሬ ወደ ማሳው የሚያሳየውን መስኮት ዘግታ ትውላለች። ያን ቀን ጣሳዬን ሲደፉት ዝም ባልል ኖሮ እያለች ራሷን ትወቅሳለች። እርስዎን ይቅር ለማለት ሞክሬ ነበር፤ አልቻልኩም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ከታላቅ አክብሮትና ከእርሱ ከማያንስ ቂም ጋር፣
የባዶ ማሳ ባለቤት፣ የደጅዎ ነባር ተመላላሽ

ሳልረሳው፦ ባለፈው ሳምንት ባለቤትዎ የበረንዳዎን ወይን እንድመለከትላቸው ጠርተውኝ ነበር። ያው የእኛው በሽታ ነው፤ አየሁትና፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ጥቁሩ ገና ወደ ሥሩ ስላልወረደ በዚህ ወር ከበታቹ ቢቆረጥ ይድናል። የት ላይ እንደሚቆረጥ ለይታ የምታውቀው እኅቴ ብቻ ናት። ያን ቀን የነበሩትን ሰልጣኞች ሁሉ አስከትለው ደጇ ድረስ ቢለምኗት ልቧ ሩኅሩኅ ነውና እሺ ልትልዎ ትችላለች። እኔ ግን እምቢ እንድትልዎ ከወዲሁ እየለመንኳት ነው።