ውኃው ሲሸሽ ለማሬ የያዝነው ዓሣ

ይድረስ በካርቱም ለምትገኘው ለእህቴ ልጅ ለኮከብ።

እንደምን ሰነበትሽ ልጄ? ጤናሽ እንዴት ነው? ባለቤትሽ አንዳርጋቸውስ ደኅና ነው? የካርቱም ሙቀት ያን ሆዱን ትንሽ አላቀለጠለትም? ትንሿ ልጅሽስ አፏን ፈታች? በዓረብኛ ፈታች ብትዪኝም አልቆጣ፤ ወደ እኔ ስትመጣ በአማርኛ ስድብ አስተምሬ አስተካክላታለሁ። የምትሠሪላት እመቤት ባሕሪያስ ቁጣዋ በረደ? እኔ አጎትሽ ጋረደው ከሁለት ጥርስ በቀር የጎደለብኝ የለም፤ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባው። ሰላምታዬን በወንዝ እንዳልሰድልሽ የእኛ ወንዝ አትባራ ወደ አንቺ አይፈስም። ስለዚህ በሎሪ ጭኜዋለሁ፤ ሾፌሩ መንገድ ላይ ካላራገፈው ሳይጎድል ይደርስሻል።

እናትሽ በሕይወት አለች። ይህን ያስቀደምኩት፣ በእኛ አገር ደብዳቤ ሲረዝም ሰው መርዶ ስለሚመስለው ነው፤ አንብቢ እንጂ ደረትሽን አትምቺ። ነገር ግን ደኅና ናት ብዬ አልዋሽሽም። በመስከረም መጨረሻ ከጃናሞራ ከጎረቤቶቿ ጋር በእግሯ መጥታ እዚህ ግርባ መጠለያው ስትገባ፣ እኔ የገዛ ወንድሟ አላወቅኋትም። «እናቴ፣ ከየት መጣሽ?» ብያት ላልፍ ስል፣ «አንተ ቀላጅ፣ በእኔም ላይ ነው?» ብላ ጠራችኝ። ድምጿ ባይለይልኝ ኖሮ እስካሁንም ስፈልጋት እኖር ነበር።

የሚታደለውን ስንዴ ትንሽ ትቀምስና ወዲያው ይመልሳታል። የዱቄት ወተቱም አልተስማማትም። የመጠለያው ድሬሰር ለብቻዬ ጠርቶ፣ «ይህች ሴት ሥጋ ነክ ነገር ካልበላች ጉልበቷ አይመለስም፤ ሰውነቷ ራሱን እየበላ ነው» አለኝ። ወደ ገበያ ሮጥኩ። እናትሽ ግን የቀረበላትን ወጥ ሳትነካ፣ «ማን አረደው?» አለች። እዚህ አገር ማን ሊያርደው ነው? አራጁ ሁሉ እስላም ነው። «ማዕተቤን እያየህ ነው ይህን ያመጣህልኝ?» ብላ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው። ቤቷን፣ በሬዋን፣ አባትሽን የቀበረችበትን አፈር ትታ የመጣች ሴት የቀረቻት ያቺ ክር ናት። አልተከራከርኳትም።

ዓሣ አጥማጅ መሆኔ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ዓሣ ቢላዋ አያውቅም፤ ከውኃ ሲወጣ ራሱ ይሞታል፣ አራጅም ባራኪም አይፈልግም። እዚህ እስላሙና ክርስቲያኑ ከአንድ ትሪ የሚበላው ሥጋ እሱ ብቻ ነው። ይህንን በደስታ ስነግራት፣ «ቅርፊት አለው?» አለችኝ። ማንበብ አታውቅም እንጂ ሕጉን ከእኔ አብልጣ ታውቃለች፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለው አይበላም።

ጭንቀቴም የጀመረው እዚህ ላይ ነው፣ ልጄ። ዘንድሮ ክረምቱ አልዘነበም፣ የአትባራ ግድብም አልሞላም። ያለችውንም ውኃ ለሐልፋ እርሻ ይለቋታል። በየማለዳው ስንወርድ ውኃው ትናንት ከነበረበት ሸሽቶ እናገኘዋለን። ግድቡ ሲሠራ የሰጠሙ የግራር ጉቶዎች እንደ ሽማግሌ ጥርስ እዚህም እዚያም ብቅ ብለዋል። በየጭቃው መካከል ኩሬ ስለቀረ፣ የተራበው ሁሉ ነጠላውንም አጎበሩንም ቅርጫቱንም ይዞ ወረደበት። ቡልጢ የሚሉት ባለ ቅርፊት ዓሣ፣ የእኛ ቆሮሶ፣ መጀመሪያ አለቀ። የቀረው አምባዛ ነው። አምባዛ ጭቃ ውስጥም ይተነፍሳል፤ ገላው ግን ልሙጥ ነው። ሰዉ አምላኩን እያመሰገነ ይበላዋል፤ ለእናትሽ ግን እሱና እባብ አንድ ናቸው።

የቀረን ተስፋ ዒጅል ነበር፤ አፈ ሰፊው፣ ቅርፊቱ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህለው ትልቁ ዓሣ። የጀልባ ባልንጀራዬ ሙሐመድኑር የጎንደር ልጅ ነው፤ ወደ ውኃው ሥራ ከመግባቱ በፊት በገዳሪፍ ገበያ ዕድሜውን ሙሉ ከብት ሲያርድ የኖረ ሰው። ነገሩን ባጫውተው፣ «እትዬ ማሬ ዒጅል ትበላለች፣ ወላሂ» ብሎ ተነሣ። ዒጅል እንደሌላው ዓሣ ኩሬ ውስጥ አይታሰርም። ውኃው መጉደል ሲጀምር ከዳር ይለቅና ግድቡ ሳይኖር ወንዙ ይሄድበት ወደነበረው ጥልቅ ይወርዳል። እዚያ ከሰጠመ ግንድ ጥላ ሥር ቆሞ የሚያልፈውን ይውጣል። መረብ ቢጣልበት ግንዱ ይቦጫጭቀዋል። ስለዚህ ጣት የሚያህል ሕያው የአምባዛ ግልገል ጀርባው በመንጠቆ ይያዝና፣ ሲባጎው በድንጋይ ይሰምጥና፣ ጥበቃ ነው። እኔን ታውቂኛለሽ፤ ዝም ማለት አልችልበትም። ሙሐመድኑር ትንባሆ የሚያጎርሰኝ ለፍቅር ሳይሆን አፌን ለመዝጋት ነው።

ብዙ ጊዜ ባዶ እጃችንን ተመለስን። እናትሽ ከመኝታዋ ሆና ገና ስታየኝ፣ «ዛሬም ዓሣው አንተን አጠመደህ?» ትለኛለች። ቀልዱን ከእኔ ሰረቀችው እንጂ ድምጿ በየቀኑ ይቀንስ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ሰኞ ማለዳ፣ ሲባጎው መዳፌን ቆርጦት ሄደ። ዓሣው ግንድ ዞሮ ተጠመጠመ። ሙሐመድኑር ጀልባዋን በግንዱ ዙሪያ መልሶ እየቀዘፈ ሲባጎውን ፈታው፤ እኔ ሳብኩ፣ እሱ ቀዘፈ፣ ሁለታችንም በየሃይማኖታችን ጮኽን። በመጨረሻ ጀልባው ውስጥ ሲወድቅ የአንቺን ልጅ ያህል ነበር። ያገላብጠን ጀመር፤ ጀልባዋ ውኃ ገባት። ሙሐመድኑር በጉልበቱ ተጫነው፣ እጁ ወደ ወገቡ ሄደ፣ «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» አለና አንገቱን በቢላዋ አንድ ጊዜ ሳበው።

ዓሣው ዝም አለ። ሙሐመድኑር ቢላዋውን እያየ፣ «ያ ጋረደው፣ ምን አደረግሁ?» አለኝ። «አረድከው» አልኩት። «እጄ ነው፤ እኔ አይደለሁም» አለ። እውነቱን ነው። ያን ሁሉ ዓመት በሬ ሲጥል የኖረ እጅ፣ ከሥሩ የሚንፈራገጥ ነገር ሲያገኝ ባለቤቱን ሳያማክር ሥራውን ሠራ።

ወደ ዳር ስንቀዝፍ፣ «ጭንቅላቱን ከነአንገቱ ቆርጠን ብንጥለው ማን ያየናል?» አልኩት። «እኔ አይቻለሁ» አለኝ። ቀልዴን ነው አልኩት። ቀልዴን አልነበረም።

እናትሽ ዓሣውን ስታይ ከተኛችበት ተነሥታ ተቀመጠች። ቅርፊቱን በጥፍሯ ፈለፈለች፣ ክንፉን ዘረጋች፣ ፊቷ በራ። ከዚያ እጇ አንገቱ ላይ ደረሰ። እኔ አፌን ስከፍት ሙሐመድኑር ቀደመኝ፤ መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ «እትዬ ማሬ፣ እጄ ቀደመኝ። ቢስሚላህም ብዬበታለሁ» አላት። «ለምን አልዋሸኸኝም?» አለችው። «እርቦኛል እኮ። ብትዋሸኝ በልቼው ኃጢአቱ ያንተ ይሆን ነበር። አሁን ግን ነግረኸኛል።» ዓሣውን የሙሐመድኑር ሚስት ራሒማ ወስዳ ቀቀለችው፤ የሠፈሩ እስላም ሁሉ በላ። ሽታው ወደ እኛ ሲመጣ እናትሽ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ግድግዳው ዞረች።

በማግስቱ ሙሐመድኑር ቢላዋውን አምጥቶ፣ «ያዝልኝ፣ ዛሬ ከእኔ ጋር አይሄድም» ብሎኝ ብቻውን ወጣ። ቀትር ላይ ከወንዙ ራስጌ፣ ሰው ካልደረሰበት ከሰጠመው ዛፍ መካከል፣ ሁለት ቆሮሶ በሕይወታቸው ይዞ መጣ። ውኃ በሞላ ሳፋ ውስጥ አድርጎ በራሱ ተሸክሞ ነው የመጣው፤ ከአናቱ እስከ ጫማው ርሷል። ሳፋውን እናትሽ ፊት አስቀምጦ ጀርባውን አዞረ። እናትሽ በስመ አብ ብላ እጇን ሰደደች። ዓሣው አመለጣት፤ ደግማ ስትይዘው በጅራቱ ፊቷን በጥፊ መታት። ሳቀች፣ ኮከቤ። ከመጣች ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። ከዚያ ዓሣውን በነጠላዋ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አቅፋ፣ እስኪያርፍ ድረስ ጠበቀችው። እኔ ቀቀልኩ፤ «ወንድ ማጀት ገባ» ብለው ቢሰድቡኝም። በላች። አልመለሳትም።

አሁን ከረቡዕና ከዓርብ በቀር ማለዳ ማለዳ ክንዴን ይዛ እስከ ውኃው ትወርዳለች። ከአንዱ ጉቶ ላይ ትቀመጥና፣ ከላይ የምንዘረጋው መረብ ሲመጣ የእሷን ድርሻ ከውኃው በገዛ እጇ ታወጣለች፤ የማንም ቢላዋ እንዳይቀድማት ነው። አጥማጆቹ «ሼኻ መጣች»፣ እመቤቲቱ መጣች ማለታቸው ነው፣ እያሉ ቦታ ይለቁላታል። ጉንጯ ትንሽ ደም መሰለው። ውኃው ግን አሁንም ይሸሻል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ኅዳር ዐሥራ አምስት የገና ጾም ይገባል። ያን ቀን ዓሣውን እንደምታቆም ተናግራለች። በእኛው አገር እንኳ በጾም ዓሣ የሚበላ አለ ብላት፣ «የጃናሞራ ሰው አይደለማ» አለችኝ። ድሬሰሩ ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። አሁን ካቆመች ለገና አትደርስም፣ ልጄ። ግልጹን ልንገርሽ ብዬ ነው ብዕር የያዝኩት።

የምትሰማው የነፍስ አባት ከጾሙ ሲፈታት ብቻ ነው። የእሷ የነፍስ አባት መንገድ ላይ ቀርተዋል፤ እዚህ መጠለያውም ቄስ የለውም። ስለዚህ ካርቱም ካሉት ከአንቺ የነፍስ አባት ዘንድ ሄደሽ፣ እግራቸው ላይ ወድቀሽ ንገሪያቸው። ጽፈው ይላኩ ብዬ ነበር፣ እናትሽ እንቢ አለች። ወረቀቱን የማነብላት እኔ ነኛ። በልጅነቴ በፋሲካ ዋዜማ ከጓሮ ሆኜ እንደ ዶሮ ጮኼ ቤተ ሰቡን ከሰዓቱ በፊት አስፈስኬው ነበር፤ አያትሽ ሲሞቱም አልማሩኝም፣ እናትሽም አልረሳችም። «ከጋረደው አፍ የወጣ ፈቃድ አልቀበልም። ኮከብ በጆሮዋ ሰምታ፣ በአፏ ትንገረኝ» ነው ያለችው። የምትፈልገው ፈቃዱን ይሁን አንቺን አልጠየቅኋትም። አንቺም ሳትጠይቂ ነዪ፤ ጾሙ ሳይገባ ድረሺ።

አንዳርጋቸውን ሰላም በይልኝ፤ ለጥቂት ቀን የራሱን ሻይ ራሱ ቢያፈላ እጁ አይቆረጥም በይው። እመቤት ባሕሪያን እጅ ነሥቻለሁ፤ እናት ታማለች ሲባል የማይሰማ ሰው እስላምም ክርስቲያንም አይደለም ብሏል ሙሐመድኑር፣ ንገሪያት። ትንሿን ልጅሽን ሁለቱን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ይዘሻት ነዪ፣ አያቷ ትያት። ራሒማ ሰላም ብላሻለች፤ መኝታ አዘጋጅታለች። ሙሐመድኑር ሰላም ብሎሻል። ቢላዋውን እስካሁን አልጠየቀኝም።

እናትሽ ሰላም ብላሻለች። ሌላ ምን ልጻፍልሽ ብላት፣ «ሌላውን ስትመጣ» አለችኝ።

አጎትሽ ጋረደው
ኸሽም አል ግርባ፣ ጥቅምት 24 ቀን 1977 ዓ.ም.