በስንዱ ግቢ የተነከረው ክር

ኅዳር 3 ቀን 2003፣ ጠዋት

በርሜሉ እሳት ላይ ነው። አቼቶው ገብቷል። ዛሬም ቀይ። የግቢውን በር ዘግቼ ነው የጀመርኩት፤ መንገደኛ እንዳያየኝ።

ደብተሬ፣ አንተ እንኳ እወቅልኝ። ስንዱ ታላቅ እህቴ ናት። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ማንም የማይለብሰውን የልባሽ ሹራብ ገዝታ ትተረትራለች፤ ክሩን ቀለም አስይዛ ስፌት ለሚሰፉ ሴቶች ትሸጣለች። ክሩ አክሪሊክ የሚሉት ሰው ሠራሽ ነው። የገበያው የዱቄት ቀለም እንቢ አላት፤ አንዴ ሲታጠብ ውሃው ይቀላል፣ ክሩ ይነጣል። እኔ ደግሞ ደጋ ባለው ብርድ ልብስ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ፋብ. ወደ ግል ሲዞር አሰናበቱን። ስንዱ ና አለችኝ፤ መጣሁ። ከአ/አ ካቲዮኒክ የሚባለውን ቀለም አስመጣሁላት። የአክሪሊክ መድኃኒቱ እሱ ነው። ከያዘው አይለቀውም።

ቀለሙ አያሳፍርም። የማፍረው በበርሜሉ ነው። እኔ፣ ባለ ነጭ ጋዋኑ፣ ግቢ መሃል ቆሜ ክር በዱላ ሳማስል።

ኅዳር 5፣ ከሰዓት

ስንዱን አሠራሩን አሳየኋት። ውሃው ለብ እስኪል ቀለሙ ዝም ይላል። ሊፈላ ሲቃረብ ግን በአንዴ ይነክሳል። ያኔ እሳት መቀነስ፣ ክሩን ሳያቋርጡ ማገላበጥ። ከቸኮሉ ዥንጉርጉር ይሆናል፤ አንዴ የነከሰውን ቢቀቅሉትም ወደ ሌላው አይሄድም። ወዲያው ገባት።

ያለን ጓንት አንድ ጥንድ ነው። አንተ አድርገው አለች፤ ሰው ፊት ትቆማለህ ብላ። አደረግኩት። የሷ እጅ እስከ ክርኗ ቀይ ሆነ። ቀለሙ ቆዳም ይወዳል፤ በሳሙና አይለቅም። ለምን እንደተቀበልኳት አላውቅም።

ውሸት። አውቃለሁ።

ኅዳር 8፣ አመሻሽ

እንዴት ልጻፈው?

ተሾመ ደወለ። ፋብ. ሳለን በእኔ ሥር ይሠራ ነበር፤ አሁን ሌላ ቦታ ኃላፊ ሆኗል። ወደ ደሴ ሲያልፍ አውቶቡሱ ለምሳ እዚህ ቆሟል። ወጥቼ ላገኘው ጫማ ስቀይር፣ ሰው ጠይቆ በባጃጅ መጣ። በሩን ስንዱ ክፍት ትታዋለች። በርሜሉ መሃል ግቢ ይጨሳል። ውስጡ ያለው የሀዋ ክር ነው። ሀዋ የስንዱ ደንበኛ ናት፤ ለልጇ ሠርግ ሙዳይና ሰፌድ ትሰፋለች።

ምን እየሠራችሁ ነው አለኝ። የእህቴ ሥራ ነው፣ እኔ ለጥየቃ መጥቼ ነው አልኩ። ጓንቱን ኪሴ ከተትኩ። ስንዱ እርጥብ ክር ታቅፋ ከጓሮ ብቅ አለች፤ ቀሚሷ ተሰብስቦ፣ ክንዷ ቀይ።

"እህትዎ እኚህ ናቸው?" አለኝ።

"አይ፣ ሠራተኛዋ ናት።"

ሰማች። ክሩን አስቀመጠች። ወንበር አምጥታ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት። "ይቀመጡ ጌታዬ" አለችው፣ ጎንበስ ብላ። የእጅ ውሃ ይዛ መጣች፤ እሱን አስታጥባ እኔንም አስታጠበችኝ። ቀና ብዬ አላየኋትም። በላሁ። አወራሁ። ሳቅሁም።

እሳቱን ማን ይየው? እኔ እንግዳ ሆኛለሁ፣ እሷ ታስተናግዳለች። ተሾመን ሸኝቼ ስመለስ በርሜሉ ይንተከተካል። ክሩ አንዱ ጎን ደም የመሰለ፣ ሌላው ሊነጣ ምንም የማይቀረው። ስንዱ በዱላ አንስታ አየችው።

"ይሄን ምን ያዙኛል?" አለችኝ።

አንቱ ብላ።

ኅዳር 9፣ ጠዋት

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ዛሬም አንቱ ነኝ። ቁርስ ቀርቧል፣ ይብሉ። ውሃው ሞቋል፣ ይታጠቡ። እናታችን ስትሞት አዝላ ያሳደገችኝ እህቴ። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም። ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

ይቅር በዪኝ ልላት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ስለ አቼቶ ነው፤ አልቋል ወይ አልኳት።

ኅዳር 11፣ ረፋድ

ሀዋ ክሯን ልትወስድ መጣች። ስንዱ ቀድማ እሳቱን ያበዛሁት እኔ ነኝ አለቻት። ሀዋ የክሩን ነዶ ገልጣ አየች። "አብሽሪ ስንዱዬ፣ አላህ ያለው ነው የሚሆን" አለች፤ ፊቷ ግን ጠቆረ። ሠርጉ ደርሷል።

አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ከዚያ፦

"ሀዋ፣ እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ እሳቱን ጥዬ የሄድኩት።"

ለምን ጥዬ እንደሄድኩ አልነገርኳትም። ስንዱ መሬት መሬቱን ታያለች።

ቀዩ አይመለስም፤ ማጥቆር ግን ይቻላል። ወይን ጠጅ ላድርግልሽ አልኩ። ሀዋ ትንሽ አሰበችና ይሁን አለች።

ኅዳር 12፣ ከሰዓት

ወይን ጠጅ ሆነ። ከበርሜሉ አልተነሳሁም። ውሃው ራሱ እስኪበርድ ጠበቅሁ፤ በችኮላ ካወጡት ክሩ ይሻክራል። የግቢው በር ክፍት ነበር። ጓንቱን ለስንዱ ሰጠኋት፤ አላደረገችውም፤ አጥሩ ላይ ሰቀለችው። እኔም በባዶ እጄ ሠራሁ። ሀዋ ነዶውን ፀሐይ ላይ ገላልጣ ወላሂ ከቀዩ ይበልጣል አለች።

ሀዋ ስትሄድ ለተሾመ ደወልኩ።

"ያቺ ሴት ሠራተኛ አይደለችም። እህቴ ናት።"

"አውቄያለሁ ጋሼ" አለኝ። "መልካችሁ እኮ አንድ ነው። ወንበሩን ሲጠርጉልኝ የምገባበት ጠፋኝ። እርስዎን ላለማሳፈር ብዬ ዝም አልኩ።"

ማንን እንዳታለልኩ አሁን ገባኝ። ማንንም። እህቴን በከንቱ ነው የካድኳት።

ስንዱ ክር እያሰጣች ያልኩትን ሰምታለች።

"እንግዳው በደህና ገቡ?" አለች።

"በደህና።"

"እግዜር ይመስገን።"

ራት ሲቀርብም አንቱ ነኝ። ይገባኛል።

ኅዳር 13፣ ማለዳ

የገበያ ቀን። ስንዱ ክሩን ማዳበሪያ ውስጥ እየጠቀጠቀች ነው። ቦታዋ መናኸሪያው አጠገብ ነው፤ የአ/አና የደሴ መንገደኛ ሁሉ የሚወርድበት። እስከ ዛሬ አንድም ቀን አብሬያት ሄጄ አላውቅም። ፀሐይ ነው፣ ራስ ምታት ነው እያልኩ።

ዛሬ ተሸክሜላት እሄዳለሁ። አጠገቧ እቀመጣለሁ። የማውቀው ሰው ከአውቶቡስ ከወረደ ቀድሜ እጠራዋለሁ፤ እህቴ ናት እለዋለሁ። ይቅር ማለቱ የሷ ፈንታ ነው። ላትለኝም ትችላለች።

ማዳበሪያውን ብቻዋን ልታነሳው ነው። ልሂድ