ድንጋዩ ያለበት ዳር

ናዋይ፣ የተራራው ሩዝ መታጨድ በጀመረ በአሥራ አራተኛው ቀን

ለልጄ ለሮሲንግ፣
ባኮሎድ

«እናትሽ ጃጅታ፣ ልትሞት ወንዝ ገባች» ብለው እንደነገሩሽ ሰማሁ። ስህተት ነው። አልጃጀሁም፤ ልሞትም አልሄድኩም። ወንዝ መግባቴ እውነት ነው፤ ውኃው ግን እስከ ጉልበቴ ነበር እንጂ እነሱ እንዳሉት እስከ አንገቴ አልነበረም። የሄድኩት ድንጋይ ለማየት ነው። የትኛውን ድንጋይ እንደሆነ ታውቂያለሽ።

አንቺና ልጆችሽ እንደምን ከርማችኋል? እዚህ ሩዙ ደህና ነው፤ ወፍ ትንሽ በላው። ጉልበቴን ያመኛል፣ ሌላው ጤነኛ ነው።

ያንን ሰርግ አንድ ጊዜ በትክክል ልጻፈው። አሥራ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። ረጅሙን ዜማ በእንግዳ ፊት ስታዜሚ የመጀመሪያሽ ነው። ጀልባው ወንዙን ሽቅብ ሲወጣ፣ ልጅቷ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ስታበጥር ከሚያገኛት ቦታ ደረስሽ። እኔ ያስተማርኩሽ «በፀሐይ መውጫ በኩል» ብዬ ነው። አንቺ «በፀሐይ መግቢያ በኩል» አልሽ። እጄን አንስቼ አስቆምኩሽ።

«እማ፣ ድንጋዩ እኮ በዚያ በኩል ነው። ቀንድ አውጣ የምለቅመው እዚያው ሥር ነው» አልሽኝ።

«ዜማው የወጣው ቀንድ አውጣ ለቃሚ ሳይወለድ ነው» አልኩሽ። እንግዳው ሳቀ። እኛ ዘንድ ዜማው በእንግዳ ፊት የተቋረጠበት ሰው ዳግመኛ እንዲያዜም እንደማይጠራ እያወቅሁ ነው ያስቆምኩሽ። በማግስቱ ምንጣፍሽን ጠቅልለሽ ጥግ አቆምሽና ሄድሽ።

እኔ ለዜማው ተመርጬ፣ እስከ አሥራ አምስት ዓመቴ መስኮቷ በሳንቃ ከተዘጋችው ከዚያች የቤታችን ክፍል አልወጣሁም። ፀሐይ እንዳይነካኝ፣ እግሬ መሬት እንዳይረግጥ ተጠብቄ ነው ያደግሁት። አያቴ አንድ ቃል በሳትኩ ቁጥር ጉልበቴን በሽመና ዱላዋ ትመታኝ ነበር። የሰጠችኝን ሁሉ፣ አንድም ሳልጥል ይዣለሁ፤ ኩራቴም ይኸው ነበር። እሷም ያደገችው በዚያችው ክፍል ነው። ያስተማረቻት አያቷም እንደዚሁ። ያንን ድንጋይ ከመካከላችን አንዲት እንኳ አይታው አታውቅም። ይህን ያሰብኩት ባለፈው ሳምንት ነው።

ያሳሰበችኝ ሚላይ ናት። ዜማ ከማስተምራቸው ሦስት ልጃገረዶች ትንሿ ናት፤ አፏ አያርፍም።

«አያቴ፣ ድንጋዩን አይተሽዋል?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ በምን አወቅሽ?»

ውኃ ቅጂ ብዬ ሰደድኳት። በማግስቱ ጎረቤቴን ኢንጎን ጠርቼ ምራኝ አልኩት።

«እሜቴ፣ በዚህ እግርዎ? እንደ ሙሽርነትዎ ጊዜ ላዝልዎት እንዴ?»

«አንተ እኔን አዝለህ፣ አንተን ማን ሊያዝልህ ነው?»

የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው፤ ለእኛ ግማሽ ቀን ፈጀብን። ድንጋዩ በፀሐይ መግቢያ በኩል ነው። ዓይኔን አላመንኩትምና ከመሃል ሆኜ ልየው ብዬ ውኃው ውስጥ ገባሁ። ያው ነው።

«ወንዙ መንገዱን ቀይሮ ይሆናል፤ ስንት አውሎ ነፋስ አልፏል» አልኩት።

ኢንጎ ግራና ቀኝ አሳየኝ። «ሁለቱም ዳር ገደል ነው፤ ወንዙ በየት በኩል ሊዞር? ልጅዎ ትክክል ነበረች እሜቴ። መንደሩ ሁሉ ያውቃል።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ማን ደፍሮ?»

እንግዲህ የሄድኩበት ጉዳይ ይህ ነው። የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ሠላሳ አንድ ዓመት አስቀመጥኩት።

ከዚያ ወዲህ አንቺ እንዳልሽው ለማዜም ሞክሬያለሁ። አፌ ወደ ለመደው ይመለሳል። ትናንት ሦስት ጊዜ ሳትኩ፤ በአያቴ ዱላ የገዛ ጉልበቴን መታሁ። ልጆቹ ሳቁ፤ አልተቆጣኋቸውም። አጨዳው አልቆ ጨረቃ ስትሞላ ዜማው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዜማል። ልጆቹ የድንጋዩን ስንኝ ገና አልቻሉትም፤ እኔም አላዜመውም። እዚያ ስንደርስ እናቆማለን። ምንም እየጠየቅኩሽ አይደለም፤ ቀኑን እንድታውቂው ነው።

ፊደሌ ከተጣመመ አስተማሪዬ አንቺ ነሽ። በትምህርት ቤት ደብተርሽ ስታስተምሪኝ አርባ ዓመት አልፎኝ ነበር። ስሳሳት እጄን ይዘሽ እንደገና ታስጽፊኝ ነበር። አንድ ቀንም አልሳቅሽብኝም። ይህንንም ያሰብኩት ባለፈው ሳምንት ነው።

ወንዝ ስትሻገሪ ውኃው ይጉደልልሽ፤ ባሕር ስትሻገሪ ንፋሱ ይተኛልሽ። ልጆችሽ በእግራቸው የሚሄዱ፣ በዓይናቸው የሚያዩ ይሁኑ።

ነገ ጠዋት መጀመሪያ ለዶሮዎቹ ጥሬ እበትናለሁ። ከዚያ ልጆቹ ሳይቀመጡ፣ ያስተማርኳቸው ስህተት መሆኑንና ትክክሉን ማን እንዳለው በስምሽ እነግራቸዋለሁ። የዚያችን ክፍል መስኮት የዘጋውን ሳንቃ ኢንጎ እንዲነቅለው አደርጋለሁ። ከዚያ ምንጣፍሽን ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ተጠቅልሎ ቆይቷልና ሽታው በአንድ ቀን አይለቅም፤ ከአሁኑ መጀመር አለብኝ።

እናትሽ
ፓስያና